የማክሰኞዋ ታካሚዬ

ሰኞ፣ 3

ዛሬ ሥራ ከጀመርኩ ወር ሞላኝ። ማንም አላስታወሰልኝም። እኔው ለራሴ አንድ ቁራጭ ኬክ ገዝቼ መሣሪያ ማምከኛው ክፍል ውስጥ ቆሜ በላሁና እንደ ማንኛውም ጨዋ የጥርስ ሐኪም አፌን ተጉመጠመጥኩ።

ክሊኒካችን ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቁ በላይ ነው። ሁለት ወንበር፣ አንዲት ማምከኛ ክፍል፣ አንድ መጠበቂያ። አንደኛው ወንበር የጋሽ ዶክተር ነው። ሠላሳ ዓመት ጥርስ ያከሙ ሰው ናቸው፤ “ዶክተር” ብቻ ሲሏቸው የራቁ፣ “ጋሼ” ብቻ ሲሏቸው የተደፈሩ ስለሚመስል ነው መሰለኝ ሰው ሁለቱን ደርቦ የሚጠራቸው። ሁለተኛው ወንበር የእኔ ነው። ከፍ ሲል ይንሰቀሰቃል፣ መብራቱም ጎኑን ካልመቱት አይበራም። ቢሆንም የእኔ ነው። ጠዋት ጠዋት በጥፊ ስለው ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ብቻ ያንገበግበኛል። ጋሽ ዶክተር ታካሚውን አፍህን ክፈት ከማለታቸው በፊት “ቁርስ ምን በላህ?” ይሉታል። ሕፃን አይሉ ሽማግሌ፣ ሁሉንም። መልሱን ካርዱ አናት ላይ ይጽፉታል። ሰውየውም ከሻዩ ጀምሮ በሚስቱ ይጨርሳል። ዛሬ ሰዓት ያዝኩባቸው፤ አምስት ደቂቃ። እሳቸው አንድ ሰው ሲጨርሱ እኔ ሁለት እጨርሳለሁ። እኔ ቁርስ አልጠይቅም። ጥርሱ ይነግረኛል።

የመጠበቂያውን ወንበሮች ክብ አድርጌ አስተካከልኳቸው፣ ሰው እንዲጫወት ብዬ። ምሳ በልቼ ስመለስ ታካሚዎቹ እንደ ድሮው ግድግዳ ጥግ ደርድረዋቸዋል።

ማክሰኞ፣ 4

እትዬ ካርድ ዛሬ አንገቷን ሰበር አድርጋ ክፍሌ ገባች። ካርድ የምታወጣልን ሴት ናት። በመጀመሪያው ቀን “አንቱ ካልሽኝ ካርድ አላወጣልሽም” ብላ ስላስፈራራችኝ አንቺ እላታለሁ። ልጄን እይልኝ አለች። ማክሰኞ ከሰዓት ወንበሬ ባዶ ነውና እሺ አልኩ።

ልጅቷ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። እናቷ ሚጣ ትላታለች፣ እኔም ሚጣ አልኳት። ስትስቅ አፏን በእጇ ትጋርዳለች። እጇን አስነሥቼ ሳይ፣ የፊት ጥርሶቿ ስምንቱም በድዱ ዳር፣ ልክ በእርሳስ እንደተሰመረ፣ ቡናማ ሆነው ተቦርቡረዋል። እንዲህ ያለ መልክ የያዘ መበስበስ መጽሐፍ ላይ እንጂ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። እውነቱን ልጻፍና ደስ አለኝ። ፎቶ አነሣሁት።

ከረሜላ ትወጃለሽ አልኳት። በጣም ዶክተርዬ አለች። ለስላሳስ? እሱንም። ስለ ስኳር ሃያ ደቂቃ አስተማርኳት። ጥርስ ሥዬም አሳየኋት፤ ድንች ይመስላል ብላ ሳቀችብኝ። ወድጃታለሁ።

ቦርሳዋ ውስጥ የሳል ሽሮፕ ጠርሙስ አየሁ። ብርዱ ነው፣ ማታ ማታ ያስለኛል አለች። ደግነቱ አንድ ሰዓት ሙሉ አፏን ከፍታ አንዴም አላሳለችብኝም።

ሐሙስ፣ 6

ሩጫ በሩጫ። አሥራ አንድ ታካሚ። ሰፈራችን ያለው ትምህርት ቤት የጤና ቀን አለው፤ ርዕሰ መምህሩ አንድ ሰው ላኩልኝ ብሎ ጋሽ ዶክተር እኔን ሰጡት። ጥርስ አቦራረሽ ብቻ አስተምሬ አልመለስም። “ሱስና አፋችን”። ትልቅ ፖስተር። ማንም የማይረሳው።

ለእህቴ ሳወራላት (አብረን ነው የምንኖረው) “የኔ ፕሮፌሰር፣ መጀመሪያ ሳህንሽን እጠቢ” አለችኝ። አላጠብኩም። ፖስተሩን ስነድፍ አመሸሁ።

ማክሰኞ፣ 11

ለሚጣ ሁለት ጥርስ ሞላሁ። ማደንዘዣው በቅጡ ሳይዝ እንቅልፍ ወሰዳት። መቦርቦሪያ አፏ ውስጥ እየጮኸ! አራት ዓመት ሙሉ “እጅሽ ይከብዳል” ሲለኝ የነበረው አስተማሪዬ ቢያይ ብዬ ተመኘሁ። ስትነቃ አፍንጫዋንና ክንዷን እያከከች ነው፤ ጓንቱ አልተስማማት ይሆናል ብዬ ለሚቀጥለው ሌላ ዓይነት አዘጋጀሁላት። የዓይኗ ብሌን የመርፌ ቀዳዳ አክሏል። መብራቴ አንዴ ከበራ ኃይለኛ ነው።

ከሕክምናው በኋላ ቁጭ ብላ ፖስተሩን ረዳችኝ። እጇ ይባረክ፣ የምትሥለው ሁሉ ሕይወት አለው። አፉ የወላለቀ ሰው ፊት ሣለች። ከሥሩ “ሱሰኛ” ብለሽ በትልቁ ጻፊበት አልኳት፣ ጻፈች። ጽፋ ስትጨርስ ቀና ብላ ጠየቀችኝ።

“ዶክተርዬ፣ ያቆመ ሰው ጥርሱ ይመለሳል?”

እንዴት ያለ ጥያቄ ነው። ጥርስ አይመለስም፣ ግን ይጠገናል አልኳት። ጥያቄና መልሱን ለጤና ቀኑ ያዝኩት።

ስንወጣ እትዬ ካርድ ለአንዲት ታካሚ ስታወራ ሰማሁ። ልጄ ዘንድሮ እንቅልፍ ብቻ ሆነች፣ ቁመት እየጨመረች ነው መሰል ትላለች።

ማክሰኞ፣ 18

የሚጣ አንድ መንጋጋ እስከ ነርቩ ዘልቋል። የሥር ሕክምና ጀመርኩላት። ስጨርስ ማስታገሻ ልጻፍልሽ ስላት ያኛው ነጩ አይዘኝም፣ ኮዲን ያለበት ጠንካራው ይሻለኛል አለች። ስሙን ከነመጠኑ ነገረችኝ። ይህች ልጅ ሕክምና ብታጠና የት በደረሰች።

ኮዲን ለልጅ እንደማይመከር አውቃለሁ። ግን ቁመቷ ከእኔ ይበልጣል፣ የጻፍኩት አሥር ፍሬ ብቻ ነው፣ ደግሞም ፊቷን ጨምድዳ ሳያት አላስቻለኝም። በቃ ጻፍኩ።

አባዬ ለምረቃዬ የሰጠኝ አረንጓዴ እስክሪብቶ ጠፋ። ከሰዓት በእጄ ነበር። ካርድ ሁሉ የምሞላው በእሱ ስለሆነ እትዬ ካርድ የእኔን ጽሑፍ “የሣሩ” ትለዋለች። ከመሳቢያ እስከ ቆሻሻ መጣያ አገላበጥኩ። የለም።

ዓርብ፣ 21

ሚጣ ያለ ቀጠሮዋ መጣች። መድኃኒቱ እጅ መታጠቢያ ውስጥ ተበተነብኝ አለች። ታስቃለች፣ እኔም እንዲህ ነበርኩ። ሌላ አሥር ጻፍኩላት፣ በሰማያዊ። እስክሪብቶዬ አሁንም የለም።

ጋሽ ዶክተር ካርዷን አንሥተው አዩት። ከዚያ ይቺ ልጅ ቁርስ ምን በላች ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም አልኩ። ካርዱን መለሱልኝና ወደ ታካሚያቸው ሄዱ። ዕድሜ ነው፣ አንዳንዴ ነገር ይደጋግማሉ።

ማክሰኞ፣ 25

ሚጣ አልመጣችም። እናቷ ፈተና አላት አለችኝ። ሥሩ ክፍት የቆየ ጥርስ አደገኛ ነው፤ እሱ ነው ያሳሰበኝ። ሌላ ምን ያሳስበኛል።

ቅዳሜ፣ 29

ከሰዓት፣ ቤት። እህቴን ራሴን አሞኛል ብያታለሁ።

ከመንገዱ ማዶ ያለችው ፋርማሲስት ዛሬ ረፋድ ላይ መጣች። ነጭ ጋዋኗን እንኳ አላወለቀችም። ሁለት ማዘዣ ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጣ ይሄ የእጅ ጽሑፍሽ ነው አለችኝ። አንዱ አረንጓዴ፣ ሌላው ሰማያዊ። ሁለቱም ላይ 40 ይላል። አረንጓዴውን የእኔ ቀለም ነው ብላ አምና ሰጥታለች። ሰማያዊው ሲመጣ በአንድ ሳምንት ሁለት አርባ ስለበዛባት ቆይ ለዶክተሯ ልደውል ብትላት፣ ልጅቷ ወረቀቱን ጥላ ወጥታለች።

አረንጓዴውን ሳይ ለአፍታ እኔው የጻፍኩት መሰለኝ። አንዷ ላይ ሁለት ሰረዝ ተጨምሮባት አራት ሆናለች፤ ቀለሟም የእኔው። ከዚያ እስክሪብቶዬ ትዝ አለኝ።

እትዬ ካርድ ከበሩ ውጭ “ተራ ቁጥር ስድስት” እያለች ትጣራ ነበር። በመካከላችን አሥር እርምጃ አይሆንም።

ፋርማሲስቷን አመስግኜ ሸኘኋትና ያን ፎቶ ከስልኬ አወጣሁት። በድዱ ዳር የተሰመረው መስመር። ስኳር ነው ብዬ ነበር። ስኳር ነበር። በየሰዓቱ የሚጎነጩት፣ አፍ ውስጥ ይዘውት የሚተኙት የሽሮፕ ስኳር።

አሁን ይህን ደብተር ወደ ኋላ ገልብጬ አነበብኩት። ሳል አለኝ ብላ አንዴም አላሳለችም። መቦርቦሪያ እየጮኸ ተኛች። ክንዷን አከከች። ብሌኗ ጠበበ። የመድኃኒቱን መጠን ታውቃለች። ሁሉም የኮዲን ሱስ ምልክት ነው፤ የሳል ሽሮፑም ውስጥ ኮዲን አለ። ሁሉንም በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ፤ በየሥሩም ማብራሪያ አለኝ። ጓንት፣ መብራት፣ ቀላል እጅ። መርማሪ የሌለበት የምርመራ መዝገብ።

አስቀድሞ በነበረባት ላይ ጭራሽ እኔ ጨመርኩበት። ሁለት ጊዜ።

ሰኞ፣ 1

ለጋሽ ዶክተር ሁሉንም ነገርኳቸው። ካባረሩኝ የምሄድበትን ሳሰላስል ነው ያደርኩት። እሳቸው በሩን ዘግተው መጀመሪያ የጠየቁኝ ከአርባው ስንቱን ውጣ ይሆን ብለው ነው። ክኒኑ ውስጥ ከኮዲኑ ጋር ያለው ማስታገሻ ሲበዛ ጉበት ይጎዳል፤ ደሟ መታየት አለበት፣ ከነገ አያልፍም አሉ።

ከዚያ ተቀመጡ።

“መስመሩን በመጀመሪያው ማክሰኞ በትከሻሽ በኩል አይቼዋለሁ” አሉኝ። “አንቺም አይተሻል ብዬ፣ አዲስ ሐኪም እንዳላሳፍር ብዬ ዝም አልኩ። የእኔ ጥፋት ካንቺ ይብሳል ልጄ።”

እናቷን አሁኑኑ እንጥራት አልኩ። በእናቷ ፊት ከያዝናት ሌባ ነው የምትሆነው፣ ራሷ ከነገረቻት ግን ታማሚ ናት አሉ። አንድ ቀን ብቻ። ነገ ካልመጣች እኛው እንነግራለን።

መልእክት ጻፍኩላት። “ነገ ወንበሩ ያንቺ ነው። መቦርቦሪያ አልነካም። ፋርማሲስቷ መጥታ ነበር፤ አልተቆጣሁም።” አነበብኩትና ውሸት ሆነብኝ። አጥፍቼ “ተቆጥቼ ነበር፣ አልፎልኛል። ነይ” ብዬ ላክሁ።

ማክሰኞ፣ 2

መጣች።

መብራቱን አልመታሁትም። እሷ ወንበሩ ላይ፣ እኔ ዝቅተኛዋ በርጩማ ላይ። ቅዳሜና እሑድ የተለማመድኩት ንግግር ነበረኝ፤ ስለ አንጎል፣ ስለ ወደፊት ሕይወቷ። ፊቷን ሳየው ሁሉም ጠፋኝ። ከአፌ የወጣው “ቁርስ ምን በላሽ?” የሚል ሆነ።

“ምንም” አለች። ቆይታ “ሽሮፕ” አለች። ከዚያ አለቀሰች።

ያለፈው ብርድ ጊዜ በእውነት አሳልቷታል። ሽሮፑ ሳሉን አቆመ፤ ደግሞ የፈተናውን ጭንቀት፣ ማታ ማታ ደረቷ ላይ የሚቀመጠውን ነገር ሁሉ አቆመ። ሳሉ ሄደ፣ ሽሮፑ ቀረ። ዛሬ በቀን ሁለት ጠርሙስ ደርሳለች፤ ሰው እንዳይለያት ፋርማሲ እያፈራረቀች ትገዛለች። ካልጠጣች ያልባታል፣ አጥንቷን ይቆረጥማታል። ከክኒኑ ስንቱን ዋጥሽ አልኳት። ሃያ ሁለት፣ በሁለት ሳምንት። የቀረውን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችኝ። እስክሪብቶውንም።

ለምን አልነገርሽኝም አልኳት፣ በየሳምንቱ እዚህ ነበርሽ።

“ፖስተሩ ላይ የሣልኩት ፊት የማን ይመስልሻል?” አለችኝ። “ሱሰኛ ብለሽ በትልቁ ጻፊ አልሽኝ። ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ እንዴት ብዬ ልንገርሽ?”

ይቅርታ ጠየቅኳት። ታካሚ ይቅርታ ስጠይቅ የመጀመሪያዬ ነው።

ለእማዬ አትንገሪያት አለች። ይህን ልደብቅልሽ አልችልም፣ ግን ብቻሽን አትነግሪያትም አልኳት። ጣሪያውን እያየች እሺ አለች።

ማምከኛ ክፍሉ ውስጥ ነገረቻት፣ እጄን እንደ ልጅ ይዛ። እትዬ ካርድ አልጮኸችም። “የመጀመሪያውን ጠርሙስ የገዛሁልሽ እኔ ነኝ” ብቻ አለች። ሦስት ጊዜ ደጋገመችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ “አንቺስ? ወር ሙሉ አፏን ስታዪ ምን ነበር የምታዪው?” አለችኝ።

ጋሽ ዶክተር ስልክ ይዘው ቆመው ነበር። ለትልቁ ሆስፒታል ደውለው ዛሬውኑ አስያዙላት።

ሐሙስ፣ 4

ደሟ ደህና ነው። ጉበቷ ደህና ነው። ደህና ነው። በትልቁ ጻፍኩት።

የሆስፒታሏ ሐኪም በአንዴ አቁሚ አላለቻትም። በመድኃኒት እየታገዘች በደረጃ ትቀንሳለች፣ በሳምንት ሁለቴ ከአማካሪ ጋር ትነጋገራለች። መድኃኒቱ በእናቷ እጅ ይቆለፋል። ደግሞ ትንሽ ደብተር ሰጥተዋታል፤ ሽሮፑ ሲያምራት ሰዓቱን፣ በምን እንዳሳለፈችው ትጽፋለች። የምትጽፍበት የለኝም ስትል አረንጓዴውን መልሼ ሰጠኋት። እናቷ ስንሰጣጣ አየች። ከማክሰኞ ጀምሮ አታናግረኝም።

ማክሰኞ፣ 9

እትዬ ካርድ ፈቃድ ወስዳ ቤት ናት። ካርድ የማወጣው እኔ ነኝ። ጠዋት የአንድ ወታደር ካርድ ለአንዲት ነፍሰ ጡር ሰጥቼ፣ ጋሽ ዶክተር “እመቤት፣ ጢምዎን መቼ ተላጩ?” ብለው ክሊኒኩ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ እንዴት ናፍቆኝ ኖሯል።

ከሥራ በኋላ ሚጣ ጋር ሄድኩ። ሁለት ብርድ ልብስ ለብሳ ትንቀጠቀጣለች፣ አፍንጫዋ ይፈሳል፣ ስድብ አይቀራትም። እኔንም ሰደበችኝ፤ ያ ድንች ሣዪ አለችኝ። እግሯን እያሸሁላት ስለ ምንም አወራን። ልወጣ ስል እናቷ በር ላይ ያዘችኝና “ነገም ትመጫለሽ?” አለች። ይቅርታ ማለቷ ይሁን አይሁን አላውቅም። እመጣለሁ አልኳት።

እሑድ፣ 14

እናቷ ደወለች። የክረምት ቦት ጫማዋ ውስጥ ጠርሙስ ተገኘ፣ ግማሹ የለም። ያገኘችው ግን እሷ አይደለችም፤ ሚጣ ራሷ አምጥታ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣዋለች።

ሁለት ሳምንት ገደል ገባ አልኩ። ቤታቸው ሄጄ በስልክ ለአማካሪዋ ስንነግራት ግን መደበቂያውን ራሷ አሳየች ማለት ነው፣ ደስ ሊላችሁ ይገባል አለችን። እትዬ ካርድ ስልኩን ዘግታ ግራ ተጋብታ አየችኝ። ደስ ይበለን ወይ አለች። ይበለን መሰለኝ አልኩ። ሦስታችንም ተያይተን ሳቅን። ሽሮፑን ሚጣ ራሷ ደፋችው። ቀኑን ከነገ እንቁጠር አለች።

ዓርብ፣ 26

የጤና ቀኑ አለፈ። ፖስተሩን አልወሰድኩትም። ሚጣ አዲስ ሥላልኛለች፦ አንድ ወንበር፣ አጠገቡ አንዲት በርጩማ፣ ሁለቱም ባዶ። ሌላ ጽሑፍ የለውም። ያኛውን ያየ ልጅ ወደ አንቺ አይመጣም፣ ይሄን ያየ ግን ሊቀመጥ ይችላል አለችኝ።

አዳራሹ ውስጥ ማንም ጥያቄ አልጠየቀም፤ ተንጫጩ፣ ወረቀት ተወራወሩ። ድሮ ቢሆን እንባዬ ይመጣ ነበር። ስወጣ ግን አንዲት ልጅ ደረጃው ላይ ጠብቃ ስለ አንድ ጓደኛዬ ነው ብላ ጀመረች። ሰዓቴን አላየሁም።

ማክሰኞ፣ 30

የመጨረሻው ጥርስ።

ሚጣ ቀድማኝ ገብታ መብራቱን በጥፊ አብርታው ጠበቀችኝ። አረንጓዴውን እስክሪብቶ መለሰችልኝ። ቀለሙ አልቋል፤ ሁለት ወር የማያልቅ ነበር። ስለዚህ ካርዱን በሰማያዊ ጻፍኩ። አናቱ ላይ፦ “ቁርስ፦ ሁለት እንቁላል፣ ዳቦ። ራሷ ጠበሰችው። አሳረረችው ትላለች እናቷ፣ እሷ ግን ትክዳለች። ከጠርሙስ ከራቀች አሥራ አምስት ቀን።”

በትከሻዬ በኩል አንብባ “አሥራ ስድስት” አለችኝ። “ዛሬንም ቁጠሪው እንጂ።”

ገና ከሰዓት ነው አልኳት።

“አውቃለሁ። ቁጠሪው።”

ሰርዤ አሥራ ስድስት አልኩ። እትዬ ካርድ ከውጭ “የእኔን ልጅ ጨርሰሽ ተራ ቁጥር አራትን አስገቢ፣ ስታወሪ መሸ እኮ” ብላ ጮኸች። ዛሬ አንዷ ላይ ሃምሳ ደቂቃ ጨርሻለሁ። ጋሽ ዶክተር በበሩ በኩል ሰዓታቸውን አሳዩኝና እያሳቁኝ አለፉ።

የመጨረሻውን ሙሌት አለስልሼ መስታወት ሰጠኋት። አየች። ከንፈሯን ገለጥ አድርጋ ስምንቱንም አንድ በአንድ አየች። ከዚያ ሳቀች። እጇ እንደ ልማዱ ተነሣ፣ ግማሽ መንገድ ደረሰ፣ እዚያ ላይ ትንሽ ቆመና ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

ለሚቀጥለው ማክሰኞ ቀጠሮ የላትም። የሚሞላ ጥርስ የለማ።

“ልምጣ ግን?” አለች።

ካርዷን ወደ መደርደሪያው አልመለስኩትም። በርጩማዋ ላይ ተውኩት።